ባሕር ማዶ ያለው ቁልፍ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ከምድጃ የወጣ ዳቦ ስምንት መቶ። ለሆስፒታሉ ሦስት መቶ፣ ለሱቆች አራት መቶ ሃምሳ፣ በመስኮት የተሸጠ አርባ፣ ያረረ አሥር። ሁሉም በሰዓቱ ተጭኖ አልቋል። መኪናዋ ግን አልነሳ አለች።

ቁልፉ ይገባል፣ አይዞርም። ሾፌራችን መሪውን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ፣ ቁልፉን ትንሽ ወደ ውጭ እየሳበ ሲለማመጣት ቆየ። ሰው ሁሉ «ጥይቱ» ነው የሚለው፤ ከሱ የባሰ ቀርፋፋ ነጂ በከተማው ስለሌለ።

«ዛሬ አኩርፋለች» አለኝ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ምን አድርገሃት?»

«እኔማ እንደ ሚስት ነው የምይዛት!»

«ለዚህ ነዋ! ያቺኛዋም ጥላህ የሄደችው እንዲሁ ስትይዛት ነው» አለ ጋጋሪው ከውስጥ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

በመጨረሻ ዞረ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ግን የበሽተኞቹ ቁርስ ሊያልፍ ትንሽ ነበር የቀረው። የሆስፒታሉ ውል ከሄደ አንዱን ምድጃ ማጥፋት ነው። አንዱን ምድጃ ካጠፋሁ ደግሞ ጋጋሪዎቹን መበተኔ ነው።

አንድ መላ አለ። የመኪናዋ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ከተገዛች ጀምሮ ያልተነካው፣ ባሕር ማዶ ባለው በባሌ ታናሽ ወንድም እጅ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በጋራ ሲገዟት አንዱን ቁልፍ ይዞ ሄደ። ባሌ ካረፈ ወዲህ በስልክ የጀመርነው ወሬ ሁሉ በኩርፊያ ስለሚያልቅ ብጽፍለት ይሻላል። የምልከውን ግልባጭ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ አሰፍራለሁ፤ የሚመጣውንም እለጥፋለሁ።


ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ምድጃውም ሰዎቹም ደህና ነን። የወንድምህ ልጅ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው፤ አረማመዷ ግን አንተን ቁጭ ነው፣ መሬቱን እየረገጠች።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው። ማስነሻው ቁልፉን አልቀበልም እያለ ነው። መካኒኩ ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ ቁልፉ ተበልቷል፣ ወይ ቁልፍ ቤቱ። ቁልፍ ቤት የሚለው ከመሪው አጠገብ ያለውን፣ ቁልፉ የሚገባበትን ክብ ነገር ነው። «ያልተበላ ቁልፍ አምጡልኝና በአንድ ደቂቃ እነግራችኋለሁ» ይላል። እዚህ ያስቀረጽነው ቅጂ ከተበላው ላይ ስለተወሰደ እሱም ያው ሆነብን።

ያልተበላው ያለው አንተ ዘንድ ነው። የሚመጣ ሰው ካገኘህ ላክልኝ፤ ሥራው ሲያልቅ እመልስልሃለሁ።

ካንተ ክፉ አያሰማኝ። ባለህበት ይጠብቅህ።

የወንድምህ ሚስት


ጥቅምት 23

ለማከብርዎት እትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ መልሱ ዘገየ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወደቡ አሁን መርከብ በመርከብ ላይ ነው።

ስለ መኪናዋ የነገሩኝን ሰማሁ። ቁልፍ ቤቱ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ሌላውን ያስፈትሹ። ቁልፉ ሲዞር ከመሪው ፊት ባለው ኩዋድሮ ላይ መብራት ይበራል? ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ጉልበት አለው ወይስ እያቃሰተ ነው የሚያስነሳው? መሪው ተቆልፎ ቁልፉን ይዞት እንደሆነስ? ደግሞ ዘይት እንዳያስገቡበት ይንገሯቸው፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። እርሳስ ፍቀው ጥቁሩን ዱቄት ያስገቡበት፣ ያላላዋል።

አዲስ ቁልፍ ቤት ከሆነም የሚፈልገው መግዣውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ለወንድሜ ለጋሼ የላክሁለት የብረት መልሕቅ አሁንም ከቁልፉ ጋር አለ? እዚህ ሥራ እንደገባሁ በመጀመሪያው ደሞዜ የገዛሁት ነው። እሱ በእጁ ሲይዘው ደስ ይለው ነበር። አደራ፣ ከቁልፉ ላይ እንዳይነሳ።

አሁን የሚነዳት ማነው?

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ታናሽዎ


ኅዳር 3

የጠዋቱ ዳቦ ስምንት መቶ ሃያ፤ ያረረ የለም። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች።

ደብዳቤው ከደረሰኝ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁልፍ ብለምነው ገንዘብ ላከልኝ። ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል የለችበትም። የረሳው ሰው እንዲህ አይጽፍም፤ የረሳ ሰው ቢያንስ «ፈልጌ አጣሁት» ይላል።


ኅዳር 3

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ደህና መሆንህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ለላክኸውም እጅህ ይባረክ።

የጠየቅኸውን ሁሉ አስፈትሼያለሁ። መካኒኩ ባትሪውን ለካ፣ ደህና ነው። ቁልፉ ከዞረ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሪኖውም እንደ ጎረምሳ ነው የሚያስነሳው። መሪውን እያወዛወዝን ሞከርን፤ መሪው ነጻ ሆኖም ቁልፉ አይዞርም። ዘይቱን በተመለከተ ምክርህ ዘግይቷል፤ ጥይቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አጠጥቷት ኖሯል። «እንድትጠጣ እንጂ እንድትሰክር ብዬ አይደለም» ይላል። መካኒኩ አጠበና እርሳስ ዱቄት አስገባበት፤ ሁለት ቀን ለሰለሰች፣ ከዚያ ወደ ልማዷ ተመለሰች። ይባስ ብሎ አሁን ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተስቦ ይወጣል። ትናንት ጥይቱ ቁልፉን በእጁ ይዞ መኪናዋ እየሄደች ዳቦ ቤቱ ድረስ መጣ፤ ለጋጋሪዎቹ ትርኢት ሆነላቸው። እኔ አልሳቅኩም።

ስለዚህ ቁልፍ ቤቱ ነው። አዲሱን በላክኸው ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ችግሩ አሮጌውን ማውጣቱ ነው። ቁልፉ እስከ መጀመሪያው እርከን ዞሮ እዚያው ካልቆመ፣ ውስጥ ያለችው መያዣ ፒን አትገፋም፤ ፒኗ ካልተገፋች ቁልፍ ቤቱ አይወጣም። የኛ ቁልፍ ደግሞ ወይ አይዞርም ወይ አልፎ ይሄዳል። የቀረው በመሰርሰሪያ መብሳት ነው። መካኒኩ «የመሪውን አንገት ልሰብረው እችላለሁ፤ ከሰበርኩት መለዋወጫው እስኪመጣ መኪናዋ ትቆማለች» ብሎኛል።

ያልተበላውን ቁልፍ ብትልክልኝ ይህ ሁሉ አይኖርም።

የሚነዳት ጥይቱ ነው። ወንድምህ በመጨረሻው ዘመኑ ራሱ የቀጠረው።

መልሕቁ አለ።

በሰላም ያቆይህ።


ኅዳር 19

ስምንት መቶ ዳቦ ተጭኖ፣ ለሆስፒታሉ በሰዓቱ የደረሰ የለም።

ከሆስፒታሉ በላይ ባለው ቁልቁለት፣ ጎድጓዳዋ ጋ ስትነጥር፣ ከቁልፉ የተንጠለጠለው የቁልፎች እስር ተወዛውዞ ቁልፉን በራሱ ጊዜ ወደኋላ መለሰው። ሞተሩ ጠፋ። ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ጥይቱ የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ከአጥሩ ክንድ በማትሞላ ርቀት አቆማት። ስደርስ መሪው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ውረድ እንጂ» አልኩት።

«እትዬ፣ እግሬ ይቅደም ብዬ እየጠበቅኩት ነው» አለኝ። ቀልዱ አፉ ላይ ነበር፣ ፊቱ ግን ወረቀት መስሏል።

ዳቦውን በእጅ ጋሪ አደረስነው። የሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ለትህትና ጊዜ አልነበራትም።

«በሽተኛ ዳቦ ጠባቂ አይደለም፣ እመቤት። ሌላ ዳቦ ቤት በየሳምንቱ በሬን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ብትደግሚ እከፍትለታለሁ።»

መኪናዋን አቆምኳት። የጎረቤታችንን ፒካፕ ተከራየሁ፤ እስከ ታኅሣሥ 20 ብቻ ነው የሚሰጠኝ፣ ከዚያ ለራሱ ሥራ ሊሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ይሰርሰር ወይስ ምን?


ኅዳር 19

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ሰፊ ነው፤ ደብዳቤዬ ግን አጭር ነው።

ዛሬ መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ራሷን አጠፋች። ሰው አልሞተም። ሆስፒታሉ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። እስከ ታኅሣሥ 20 በኪራይ እገፋለሁ።

ቁልፉን ላክ።


ኅዳር 23

ለእትዬ፤

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ።

የኅዳር 3 ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ መኪናዋ ብዙ አስቤበታለሁ። ከማስቸገር ብንሸጣት ይሻላል እላለሁ። ሊብሬው ላይ የጋሼና የኔ ስም ነው ያለው፤ ድርሻችንን እንካፈልና ነገር ይቅር።

ይህን ስል ዝም ብዬ አይደለም። ከዚያ የመጣ ሰው አንድ ነገር አጫወተኝ፤ ባልሰማው በወደድኩ። ሾፌሩ የጋሼን ቤት ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል አሉኝ። የግቢውን በር እንደ ባለቤት ከፍቶ ሲገባ ያዩት ብዙ ናቸው አሉ። እኔ እርስዎን በዚህ አልጠረጥርም። ግን የጋሼ ቤት ነው።

እኔ ዘንድ ስላለው ቁልፍ ደግሞ፣ እዚሁ ይቆይ።

ጤናዎን ይስጥዎ።


ታኅሣሥ 4

ጠዋት ሰባት መቶ ዘጠና። ፒካፑ በሰዓቱ መጥቷል።

የዛሬው ደብዳቤ የኔ የኅዳር 19ኙ ሳይደርሰው የተጻፈ ነው። ሳነበው እጄ ዱቄት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የጣቴ ምልክት ቀረ። ወዲያው ልመልስለት ተቀመጥኩና ተነሳሁ። ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠበቅኩ። ተናድጄ የላክሁትን ቃል ነጋዴ ብሆንም መልሼ ልገዛው አልችልም። ከሰዓት ጻፍኩ።


ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን።

የነገረህ ሰው እውነቱን ነው። ጥይቱ የቤቴን ቁልፍ ይዞ ይዞራል። የመጋዘኑንም ይዟል፣ የዱቄት ቤቱንም፣ የግቢውን በርም፣ የአሮጌውን የአባታችሁን ሣጥን ቁልፍ ጭምር። ሁሉም ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ባንድ ቀለበት ላይ ነው ያሉት፤ ወንድምህ እንዳደረጋቸው። አንዱ ቢጠፋ ሁሉም ይፈለጋል፣ ስለዚህ አይጠፋም፣ ይል ነበር። እሱ ራሱ በሚነዳበት ጊዜ ልክ ነበር፤ ቁልፉም ሰውየውም አብረው ማታ ቤት ይገቡ ነበርና።

እሱ ካረፈ በኋላ የሱን እጅ ሥራ መፍታት ከበደኝ። አንተም ከዚያ ሆነህ «እንዳይነሳ» ትላለህ። እናም ጥይቱ መኪና ሲያስነሳ ቤቴን ይዞብኝ ይሄዳል። ሥራ ጨርሼ ስመለስ በራሴ ግቢ በር ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ። እሱ ይመጣል፣ ይከፍትልኛል፣ እስሩን ይሰጠኛል፣ ይሄዳል። ጎረቤት ያየው የሚከፍተውን ነው፤ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀውን አላየም። ጥይቱን አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ ፍጠን፣ እግሬ አለቀ» ብለው «እትዬ፣ እኔ ብፈጥን ኖሮ ይህን ስም ማን ያወጣልኝ ነበር?» አለኝ። ይኸው ነው በመካከላችን ያለው ምስጢር።

መሸጡን በተመለከተ፤ ሊብሬው ላይ ስምህ አለ፣ አልክድህም። መሸጥ ከፈለግክ መጥተህ ፊት ለፊት ንገረኝ፣ እንሸጣለን። ግን ቁልፍ ቤቷ የተበላ መኪና በምን ዋጋ እንደምትሄድ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ጠግነን እንሽጥ ብትልም ቁልፉ ያስፈልጋል፤ አንሸጥም ብንልም ቁልፉ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የማትሄድ መኪና ቁልፍ ይዘህ ምን ታደርግበታለህ?

ፒካፑ ታኅሣሥ 20 ይሄዳል። ያንተ ካልመጣ በ19 መካኒኩ ይሰረስረዋል። የመሪው አንገት ከተሰበረም ተሰበረ። ይህን የምጽፍልህ ላስፈራራህ አይደለም፤ ቀኑን እንድታውቀው ነው።

ፈጣሪ ካንተ ጋር ይሁን።


ታኅሣሥ 16

ለማከብርዎት እትዬ፤

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ ጎረቤቴ ነች፤ ነርስ ናት፣ እናቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው። ቁልፉ በእጇ ነው። በፖስታ እንዳይጠፋብዎ ብዬ ነው የለመንኳት።

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የቁልቁለቱን ሳነብ ልቤ ቆመ። ሾፌሩን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ስለ ምን እንደሆነ አይንገሩት፣ ብቻ ይጠይቁልኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ቁልፉ ከአልጋዬ ራስጌ ምስማር ላይ ነው የሚኖረው። ወደቡ ሥራ በዝቶበታል ያልኩዎት ውሸት ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ሰው እየቀነሱ ነው፤ እኔንም ቀንሰውኛል። አሁን ባገኘሁበት ቀን ብቻ እሠራለሁ። በቀረው ቀን እተኛና ቁልፉን አየዋለሁ። ከሄድኩ በኋላ ያን ያህል ዓመት አልፎ፣ አገር ቤት ውስጥ የኔ የሆነና ባዞረው የሚነሳ ነገር ያ ብቻ ነው። ተመልሼ ራሴ እነዳታለሁ ብዬ ነበር። እርስዎ ቁልፉን ሲጠይቁኝ ወንበሬን የጠየቁኝ መሰለኝ። እንሽጣት ያልኩት ተናድጄ ነው።

ይውሰዱት። ይሥሩበት።

መልሕቁ ግን እንዳለ ይሁንልኝ፤ ሌላ ማስታወሻ የለኝም።

ታናሽዎ


ታኅሣሥ 19

ጠዋት ስምንት መቶ፤ በፒካፑ ሄደ፣ በሰዓቱ ደረሰ።

ነርሷ ቁልፉን ትናንት አመጣችልኝ፤ በመሐረብ ጠቅልላ፣ ከደረቷ አውጥታ። ጥርሱ እንደ ተሠራበት ቀን ስለታም ነው። ከኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስይዘው የኛው የልጅ ወተት ጥርስ መሰለኝ።

ከሰዓት መካኒኩ መጣ። የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፣ ከመሪው በታች ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ፈታ። ነርሷ ያመጣችውን ቁልፍ ከተተ። አልዞር አለ። አንድ ጊዜ ሳበው፣ መሪውን በጉልበቱ ገፋ አደረገ፤ አሁንም የለም።

«ያው ነው እንዴ?» አለ ጥይቱ።

«ቁልፍ ቤቱ ራሱ ሄዷል። ያልተበላ ቁልፍ ያስቸገረው በዚህ ነው» አለ መካኒኩ ሳያየን። «ዝም በሉኝ አንዴ።»

መሰርሰሪያው ወለሉ ላይ ነበር። ልክ እሱን ሳይ ቁልፍ ቤቱ ጠቅ አለ። ቁልፉ መጀመሪያው እርከን ላይ ዞሮ ቆመ፤ የኛው አንድም ቀን እዚያ ቆሞ አያውቅም። መካኒኩ ቀጭን ካቻቢቴ በቀዳዳው አስገብቶ ፒኗን ገፋና ቁልፍ ቤቱን ሳበው፤ ወጣ። አውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው። ይህን ያህል ያመሰን ይህ ነው ብዬ ተደነቅኩ።

በመዳፉ ላይ ገልብጦ አሳየኝ። ውስጡ ያሉት ትንንሽ የነሐስ ቅጠሎች ባንድ በኩል ብቻ ተልጠዋል፣ ወደ ታች።

«ከዚህ ላይ ምን ነበር የሚንጠለጠለው?» አለኝ።

ጥይቱ እስሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ስድስት ቁልፍና መልሕቁ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

«ይሄ?» አለ መካኒኩ መልሕቁን በእጁ እየመዘነ። «ይሄ መርከብ ያቆማል እኮ! ማነው የሰቀለው?»

«ቤተሰቡ ነው» አልኩት።

አዲሱ ገባ። ባትሪው ተመለሰ። በአዲሱ ቁልፍ በአንድ ጣት ዞረ። ጥይቱ አስነስቶ አጠፋ፣ አስነስቶ አጠፋ፤ በአራተኛው «ይበቃሃል፣ ነዳጁ የኔ ነው» አልኩት። እስከ ቁልቁለቱ ወርዶ ጎድጓዳዋ ላይ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ አልጠፋችም።

ማታውን ሳልጠብቅ ቀለበቱን በፒንሳ ከፈትኩት። የቤቴ በር ቁልፍ አሁን በኔ ኪስ ነው።


ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ነርሷ በደህና ደርሳለች፤ ቁልፉንም ሳታጎድል ሰጥታኛለች። መኪናዋ ተሠርታለች። ያንተ ቁልፍ ባይኖር ይሰረሰር ነበር። ከነገ ጀምሮ ሆስፒታሉ ዳቦውን ከኛው መኪና ይቀበላል።

ለጥይቱ ይቅርታህን አድርሻለሁ። «በምን ምክንያት?» አለኝ። «ሰውየው በምክንያት አይደለም የሚጠይቀው» አልኩት። «እንግዲያው በነጻ ይቅር ብዬዋለሁ» ብሏል።

አዲሱ ቁልፍ ቤት ከሁለት ቁልፍ ጋር ነው የመጣው። አንዱ እዚህ ይሠራል። ሁለተኛው ያንተ ነው። የድሮውንም መልሼልሃለሁ፤ የተለወጠው ማስነሻው ብቻ ስለሆነ በሮቹ አሁንም የሚከፈቱት በሱ ነው። ባንዱ ትገባለህ፣ ባንዱ ታስነሳለህ። ሁለቱን ባንድ ቀለበት አታድርጋቸው።

ወንበሩን በተመለከተ፤ ስትመጣ አለ። ጥይቱን ግን አላባርርም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሱቆች ዳቦ አምጪልን ካሉኝ ሰነበቱ፤ ባንድ ነጂ ስለማይደረስ ነው የተውኩት። የምትመጣበትን ወር ብቻ አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ ዱቄቱን በዚያ ልክ አዛለሁ።

መልሕቁ ደህና ነው። ሂሳብ የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በሩ ሲከፈት ወረቀቶቼ እንዳይበሩ ይይዝልኛል። የወንድምህ ልጅ እያለፈች በመዳፏ ትመዝነዋለች።

ፈጣሪ በደህና ያገናኘን።

የወንድምህ ሚስት


ያው ዕለት፣ ከምሽቱ በፊት

ቁልፍ ቤቱን ምን እንደበላው አልጻፍኩለትም። መልሕቁ ብረት ነው፤ ከባድ መሆኑን እሱም ያውቃል።

ነገ፦ ዳቦው ከተጫነ በኋላ ፖስታ ቤት። ሁለት ቁልፍ፣ ለየብቻ ታሽገው፣ በአደራ ደብዳቤ።